የማታሳድጉትን ሰው አትመዝኑ

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ዕቃ የሚያሽግ ሰው የማይለካ ነገር የለውም። በሰዓት ስንት ሳጥን እንዳሸገ፣ በአንዱ ሳጥንና በሌላው መካከል ስንት ሰከንድ እንደቆመ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ ሁሉም በእጁ በያዘው ስካነር እየተመዘገበ ይቀመጣል። ይኸው ሰው ግን ከዚህ በፊት ምን እንደተማረ፣ ምን እንደሚችል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የት መድረስ እንደሚፈልግ የጠየቀው የለም። ይህን ነው እንግዲህ "የሰው ሀብት ስትራቴጂ" የሚሉን። እኔ ይህን ስም አልቀበልም። ለማሳደግ ሳያስቡ ሰውን መለካት ስርቆት ነው፤ የሚሰረቀውም ዕድሜ ነው።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሪክንባከር የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ፣ በግሮቭፖርት፣ በኦቤትዝና በሎክቦርን የተደረደሩትን መጋዘኖች የማያውቅ የኮሎምበስ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። አዲስ ሰው የሥራ ፈቃዱ እጁ እንደገባ ዘመድ በመኪና ይዞት የሚሄደው ወደዚያ ነው። እኔንም የወሰዱኝ ወደዚያ ነው። ሥራው ክብር አለው። የቤት ኪራይ ተከፍሎበታል፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች ተልኮበታል፣ ልጆች ኮሌጅ ገብተውበታል። የመጋዘን ሠራተኛን የሚንቅ ሰው እኔን ደጋፊው አድርጎ እንዳይቆጥረኝ። የሚያንገበግበኝ ሥራው ሳይሆን ሰዉ የሚተዳደርበት መንገድ ነው። የሠራሁበትንም ድርጅት ስም አልጠራም፤ ጠቤ ከአንድ ድርጅት ጋር አይደለም።

አብራኝ የሠራች አንዲት እህት ነበረች። ጎንደር ውስጥ ለዓመታት የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና ሠርታለች። ዓመታዊ ምዘናዋ የደረሰ ዕለት እኔ ከጎኗ ባለው የማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ላፕቶፕ የተቀመጠበትን ባለ ጎማ ጠረጴዛ እየገፋ መጣና በሁለታችን መካከል ቆመ። ኮንቬየሩ ስላልቆመ የሚናገረው እየጮኸ ነው። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው፤ ፍጥነቷ ከሚጠበቀው በላይ፣ ቀሪ ሁለት ቀን፣ የአስተሻሸግ ስህተት ዜሮ። "ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥዪ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ" አላት። ጓንቷን በጥርሷ ስባ አወለቀችና በጣቷ ስክሪኑ ላይ ፈረመች። የኢንቬንቶሪ ክፍል ቦታ ከተከፈተ ማመልከት ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። አፑ ላይ እንድትፈልግ ነግሯት ጠረጴዛውን እየገፋ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። የአንድ ዓመት ድካም በሁለት ደቂቃ ተዘጋ።

ምሳ ላይ ስንገናኝ ያለችኝን አልረሳውም። "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ጥንቃቄ የለመድኩት የሰው ደም ናሙና ላይ ነው። እዚያ አንድ መለያ ቁጥር ቢሳሳት ሰው ይሞታል። ዓመት ሙሉ አንድ ስህተት ያልሠራሁት በምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም" አለችኝ።

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ዜሮ ቁጥር በዚያ መጋዘን ውስጥ ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁሉ ውድ ነበር። የተሳሳተ ዕቃ ተልኮ ሲመለስ ድርጅቱ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ የመላኪያውንም የመመለሻውንም ይከፍላል፣ ደንበኛውም ይቀየመዋል። ሥራውን የሚያውቅ አለቃ ያን ዜሮ ሲያይ ይደነቃል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እንዴት አድርጋ እንደምትሠራ ይጠይቃታል፣ በሳምንቱ አዲስ ገቢዎችን እንድታሠለጥን ያደርጋታል፣ ደመወዟንም ከፍ ያደርጋል። መረጃው እጁ ላይ ነበር። የሰበሰበው ግን ለመቅጣት ስለሆነ የሚያስቀጣ ነገር ሲያጣ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። የምዘናው ሥርዓት ስህተት የሚያድን ዓይን ብቻ ስላለው ችሎታ ፊቱ ቆሞ አያየውም።

የአንድ ሱፐርቫይዘር ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ነገሩ ከላይ ታስቦበት የተሠራ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 ኤትና እና ኦቤትዝ ላይ ትልልቅ መጋዘኖቹን ከከፈተ ጀምሮ የአካባቢው የመጋዘን ሥራ በእሱ ልክ እየተሰፋ ስለመጣ፣ ስለ እሱ በአደባባይ የታወቀውን ላንሳ። ኒው ዮርክ ታይምስ በሰኔ 2021 ባወጣው ምርመራ መሠረት የድርጅቱ የሰዓት ተከፋይ ሠራተኞች ፍልሰት ከኮሮና ወረርሽኝ በፊትም በዓመት ወደ 150 በመቶ ይደርስ ነበር። ይህ ማለት በስምንት ወር ገደማ ሙሉውን የሰው ኃይል እንደ አዲስ መቅጠር ማለት ነው። ለሠራተኛው የተረጋገጠው የደመወዝ ጭማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ ይቆም እንደነበርም ጋዜጣው ገልጿል። የመጋዘኖቹን የሰው ሀብት አሠራር ከዘረጉት ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ዴቪድ ኒከርክ እንደተናገረው፣ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሰዓት ሠራተኛ ድርጅቱን ወደ ዝቅተኛ ውጤት ይጎትታል ብሎ ያምን ነበር። ከ5,000 በላይ ሰው ይሠራበት በነበረው የድርጅቱ የኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ መጋዘን በአንድ ዓመት ዕድገት ያገኙት 220 ብቻ ነበሩ።

እነዚህን እውነቶች አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ሥዕሉ ግልጽ ይሆናል። ሰውየው እንዲያድግ አልታሰበም። እንዲሄድ ነው የታሰበው። ጉልበቱ ትኩስ እያለ ይሠራል፣ ወገቡ ሲዝል ይወጣል፣ በቦታው ሌላ ስደተኛ ይተካል። የዚህ ስሌት መጨረሻ ለድርጅቱም አልበጀም። በ2022 ይፋ የወጣ የአማዞን የውስጥ ማስታወሻ፣ አሠራሩ ካልተለወጠ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ለመጋዘኖቹ የሚቀጠር ሰው ሊያልቅ እንደሚችል ያስጠነቅቅ ነበር። ሰውን እንደ ካርቶን የሚቆጥር አሠራር ካርቶኑ ሊያልቅበት እንደሚችል የገዛ ሠራተኞቹ ጽፈው ነገሩት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ መድኃኒቱ የተገኘው እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ መሆኑ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1945 ጀምሮ ጥሩ አለቃ በተግባር ምን እንደሚያደርግ በጦር ኃይሉም በፋብሪካውም ለዓመታት አጥንተዋል። የደረሱበትን ዛሬ የማኔጅመንት ተማሪ ሁሉ ይፈተንበታል። የአለቃ ጠባይ ሁለት ገጽ አለው አሉ። አንዱ ሥራውን ማደራጀቱ፣ መደልደሉና መቆጣጠሩ ነው። ሁለተኛው ለሠራተኛው ማሰቡ፣ ማድመጡና ማክበሩ። ከተመራማሪዎቹ አንዱ የነበረው ኤድዊን ፍሌሽማን ሃሪስ ከተባለ ባልደረባው ጋር በ1962 ያወጣው ጥናት በአንድ የጭነት መኪና ፋብሪካ የሚሠሩ 57 ፎርማኖችንና በእነሱ ሥር ያሉ ቡድኖችን የተመለከተ ነው። አሳቢነት በጎደላቸው ፎርማኖች ሥር አቤቱታው በዛ፣ ሥራ የሚለቀውም በዛ፤ ፎርማኑ ቁጥጥሩን ቢያላላም እንኳ ለውጥ አልመጣም። ለሰዉ የሚያስቡት ፎርማኖች ግን ሥራውን ሲያጠብቁ እንኳ ሠራተኛው ብዙም አላጉረመረመም፣ ጥሏቸውም አልሄደም።

ሥራውን አጥብቁ እንግዲህ፤ እኛ ሥራ አንፈራም። ሐበሻ በድርብ ሺፍት ስንት ዓመት እንደገፋ ከተማው ያውቃል። ጥናቱ የሚለው ግን፣ ሰው የሚያጠብቅበትን አለቃ የሚሸከመው ያ አለቃ እንደ ሰው ሲያየው ነው። ይህ ከተነገረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በከተማው ዙሪያ ባሉ መጋዘኖች ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ምዘና በቁም ይካሄዳል።

ያው ፍሌሽማን በ1953 ያሳተመው ሌላ ጥናትም አለ፤ ለእኔ እንዲያውም ከፊተኛው ይበልጥብኛል። የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኩባንያ ፎርማኖቹን ቺካጎ ወዳለው ትምህርት ቤቱ እየላከ የአመራር ኮርስ ይሰጣቸው ነበር። ኮርሱ ሲያልቅ ፎርማኖቹ ስለ ሠራተኛ ያላቸው አመለካከት ለዘብ ብሎ ይገኛል። ወደ ፋብሪካው ሲመለሱ ግን ጠባያቸውን የሚወስነው ኮርሱ ሳይሆን የገዛ አለቃቸው ሆነ። አለቃው ሰው የማያደምጥ ከሆነ የተማሩት ሁሉ ውኃ በላው። እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከሥልጠና የተመለሱ ሱፐርቫይዘሮች ለአንድ ሳምንት ስማችንን እየጠሩ ሰላም ይሉናል፤ በሳምንቱ ኃላፊያቸው መጥቶ ስለ ቁጥሩ ብቻ ሲያፋጥጣቸው ወደ ስካነሩ ይመለሳሉ። በእነሱ አልፈርድም። ምን ያህል ሰው እንዳሳደጉ የሚጠይቃቸው ከሌለ ለምን ጊዜ ያጠፋሉ?

አሁን የሰው ሀብት (ኤችአር) ሰዎች የሚመልሱትን አውቀዋለሁ። "የትምህርት ክፍያ እንሸፍናለን" ይላሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎች ይሸፍናሉ። አማዞን በ2012 የጀመረው የትምህርት ድጋፍ ዛሬ 90 ቀን ለሠራ የሰዓት ተከፋይ ሁሉ ክፍት ነው። በእንዲህ ያለ ዕድል ተጠቅመው ሕይወታቸውን የቀየሩ ወገኖች አውቃለሁ፣ እሰየው። ግን አንድ ሰው ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት ቆሞ ሠርቶ፣ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ኮሎምበስ ስቴት ኮሌጅ የሒሳብ ክፍል ገብቶ ዓይኑን ገልጦ መቀመጥ ይችላል? የኅዳርና የታኅሣሥ የገበያ ወቅት ሲመጣ የግዴታ ኦቨርታይም ይጨመራል። ያን ጊዜ ተማሪው ወይ ፈተናውን ወይ ሥራውን ይጥላል፤ ሥራውን መጣል ስለማይችል ፈተናውን ይጥላል። ክፍያውን ሸፍኖ ሰዓቱን መንፈግ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ከመጋዘኑ ውጭ ላለ ሙያ ነው። ሰውየው ሊያድግ የሚችለው ከሄደ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚያው ባለበት የሚወጣው መሰላል የት አለ?

ይዞት የመጣውስ ዕውቀት? ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ከጨረሱ ስደተኞች ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ከአራት አንዱ ማለት ነው፣ ወይ ሥራ የላቸውም ወይ ከትምህርታቸው እጅግ ዝቅ ያለ ሥራ ላይ ናቸው። በዚህም በየዓመቱ የሚያጡት ደመወዝ ከ39 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከኮሎምበስ መጋዘኖች በአንዱ ሌሊት ቆማችሁ ብታዩ ነርሱን፣ አካውንታንቱን፣ መምህሩን፣ የመስኖ መሐንዲሱን አንድ መስመር ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሲቀጠሩ የሞሉት ፎርም የሚጠይቀው ምን ያህል ኪሎ ማንሳት እንደሚችሉ ነው። በ2000 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስን የመሰሉ የእኛው ተቋማት ለመጤው ቋንቋውንም ሥራ ፍለጋውንም ሲያግዙ ኖረዋል። የእነሱ ድካም ግን ሰውየውን እስከ ድርጅቱ በር ነው የሚያደርሰው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው የአሠሪው ግዴታ ነው።

እኛስ ከደሙ ንጹሕ ነን? አይደለንም። ይህ ሳያሳድጉ የመመዘን በሽታ አገር ቤትም ነበረ፣ አለም። የአሠራር ማሻሻያ እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓኖቹን ስልት የሚያስፋፋ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በአገሪቱ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 የአፈጻጸም ምዘና ከሚደረግባቸው ምክንያቶች አንዱ የሠራተኛውን የሥልጠና ፍላጎት መለየት እንደሆነ በግልጽ ይደነግግ ነበር። እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ግን የስድስት ወሩ ቅጽ የሚሞላው በሻይ ሰዓት ነበር፤ ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጣል፣ ከአለቃው ጋር የተጋጨ ሰው ብቻ ዝቅ ይልበታል፣ የሥልጠና ፍላጎት የሚለው ሣጥን ባዶውን ፋይል ይገባል። ጃፓኖችን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የጥራት ቁጥጥር ያስተማረው ዴሚንግ ዓመታዊ ምዘናን ከአሜሪካ ማኔጅመንት ገዳይ በሽታዎች አንዱ ብሎ ነበር። እኛ ግን የጃፓኖቹን ስልት ስሙን አምጥተን የአሜሪካኖቹን በሽታ አብረን አስገባን።

እዚህስ? ኮሎምበስ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ የጭነት መኪና ድርጅት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ኤጀንሲ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። "ቤተሰብ ነን" ብላችሁ ቀጥራችሁ አምስት ዓመት ሳህን የሚያጥበውን ልጅ አንድ ቀን ሒሳብ እንዴት እንደሚያዝ አሳይታችሁታል? ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ዕቃ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ነግራችሁታል? ካወቀ ሄዶ የራሱን ይከፍታል ብላችሁ ከፈራችሁ እናንተም ስካነር የሌላችሁ መጋዘን ናችሁ። ሽማግሌዎቻችንም፣ በአክብሮት ነው የምለው፣ አዲስ ለመጣ ወጣት "ኦቨርታይሙን ያዝ፣ ትምህርቱ ይደርሳል" የሚለውን ምክር ተዉት። አይደርስም። ስንቱን አይተናል።

የምጠይቀው ሰማይ የሚያክል አይደለም። ምዘና ቁጭ ተብሎ፣ ከኮንቬየሩ ርቆ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ በተከፈለ ሰዓት ይካሄድ። እንግሊዝኛው የማያመቸው ሰው አስተርጓሚ ይቅረብለት፤ አማርኛ ተናጋሪ በሞላበት ከተማ ይህ ከባድ አይደለም። የሱፐርቫይዘሩ የራሱ ምዘና ውስጥ ስንት ሠራተኛ እንዳሳደገ ይግባበት፣ ጉርሻውም ከዚያ ጋር ይያያዝ፤ ይህ ካልገባ ሌላው ሁሉ ከአንገት በላይ ወሬ ነው። የሚማር ሰው ሺፍቱ በሴሚስተሩ ይስተካከልለት፣ በግዴታ ኦቨርታይምም አይነካ። ክፍት ቦታ ሲኖር በብሬክ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በጽሑፍ ይለጠፍ፣ ያመለከተና ያልተሳካለት ሰውም ምክንያቱ ይነገረው። በኤጀንሲ የተቀጠረው ቴምፕ ደግሞ በስንት ቀን ቋሚ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ፤ ወር በመጣ ቁጥር "በሚቀጥለው ወር" እየተባለ ዓመት የሞላው ሰው አውቃለሁና።

በሕግ በኩልም ሌሎች ቀድመውናል። ካሊፎርኒያ በ2021፣ ሚኒሶታ በ2023 የመጋዘን ኮታ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ሕግ አውጥተዋል። የሚኒሶታውን ትግል የጀመሩት እነማን መሰሏችሁ? ሻኮፒ በሚገኘው የአማዞን መጋዘን የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሶማሌዎች። አዉድ የሚባለውን የሠራተኞች ማዕከል ይዘው ተነሡ፣ በሐምሌ 2019 በአማዞን ትልቅ የሽያጭ ቀን ሥራ አቆሙ፣ እስከ ግዛቱ ምክር ቤት ደረሱ። ኮሎምበስም ውስጥ እነዚሁ ጎረቤቶቻችን ከእኛ ጋር አንድ መስመር ላይ ቆመው ያሽጋሉ። ኦሃዮ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣችም፣ እኛም ሄደን አልጠየቅንም።

የሚፈራ ሰው ይኖራል፤ ይገባኛል። ኦሃዮ ውስጥ አሠሪ ያለ በቂ ምክንያት ሊያሰናብት ይችላል። ነገር ግን ከ1935 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ፣ ማኅበር ባይኖራችሁም እንኳ፣ ስለ ደመወዛችሁና ስለ ሥራችሁ ሁኔታ ከባልደረቦቻችሁ ጋር መነጋገርንና በጋራ መጠየቅን ይጠብቅላችኋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ ስሙ ይያዛል፤ ሃያ ሰው አንድ ደብዳቤ ላይ ሲፈርም ግን ማንም ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። የኅዳሩ ግርግር ሳይጀምር በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ አዳራሽ ከሶማሌዎቹም ጋር ሆነን እንቀመጥ፣ ደብዳቤውን እንጻፍ፣ አንዱን ኮፒ ለድርጅቶቹ ኤችአር፣ ሌላውን መሃል ከተማ ላለው የግዛቱ ምክር ቤት እናስገባ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ለማዘጋጀት እኔ ዝግጁ ነኝ።